ስለ ምጣዱ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቁ ልጅ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጥቶ ወደ አምስተኛ አልፏል። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ «ለእማማ ንገሪልኝ» ብላኛለች። ሐዋሳ ሙቀቱ በርትቷል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ይናፍቀኛል።

እማዬ፣ የተነሳሁት ስለ ምጣዱ ልጽፍልሽ ነው። በስልክ «ትንሽ አስቸገረኝ፣ ጠጋኙ መጥቶ ያየዋል» ብለሽ ወሬውን ወደ ልጆቹ መለስሽው። ነዝሮ እንደጣለሽ፣ ስትወድቂም ቀኝ እጅሽ ምጣዱ ላይ አርፎ እንደተቃጠለ የሰማሁት ከጎረቤት ነው። እባክሽ አትቆጫት፤ እኔ ነኝ አጥብቄ የጠየቅኋት።

ለምን እንደምትሳሺለት አውቃለሁ። አባዬ ከመርካቶ ገዝቶ፣ ሸክላው እንዳይሰነጠቅ ብሎ 130 ኪሎ ሜትሩን ሁሉ ጭኑ ላይ አቅፎት የመጣ ምጣድ ነው። አንቺም በእሱ ጋግረሽ እየሸጥሽ አስተማርሽን። ሽቦው ብቻ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ «አስጠግኚው» እልሽ ነበር፤ ሽቦ ይቀየራል። አሁን ግን ሸክላው ራሱ መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል። ሊጡን ስታፈሺ በስንጥቁ ሰርጎ ከሥር ካለው ሽቦ ጋር ይገናኛል፤ እርጥብ ነገር ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ጠጋኙ ሦስት ጊዜ በጀሶ ደፈነው፤ ሦስቴም ሙቀቱ መልሶ ከፈተው። ለአራተኛ ጊዜ ገንዘብ አትስጪው።

አዲስ ብገዛልሽም በዚያው ሶኬት ከተሰካ አላረፍንም። ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ማለት ነው። የማድ ቤቱ መስመር ለአምፖልና ለሬዲዮ ተብሎ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ነው። ለፋሲካ ስመጣ ሶኬቱ ጠቁሮ አይቼ ዝም ማለቴ ዛሬ ይቆጨኛል። ከቆጣሪው ወፍራም ሽቦ ለብቻው ይሳባል፤ ወደ መሬት የሚወርድ መስመርም ይኖረዋል። ያኔ ቆርቆሮው ኤሌክትሪክ ቢይዝ እንኳ በአንቺ ሳይሆን በዚያ በኩል ይወርዳል።

«አዲስ ምጣድ ዓይን አያወጣም» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። በጎመን ዘር ደህና አድርገን እናሟሸዋለን፤ የመጀመሪያዎቹ ይጣበቁ። አክንባሎውን አንጥለውም።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። በ1998 ዓ.ም. ጅማ ፈተና ላይ ሳለሁ በደወልኩ ቁጥር «አባትሽን ትንሽ አሞት ተኝቷል» ትዪኝ ነበር። መናኸሪያ ስደርስ አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማ አየኋት። ከቀበራችሁት አሥራ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። ትምህርቷ እንዳይበላሽ ብላ ነው አሉኝ። አዎ፣ ፈተናውን አልፌያለሁ። አባዬን ግን አልቀበርኩም። ይህንን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አንስቼብሽ አላውቅም፤ አንቺም አንድ ቀን አልጠየቅሽኝም። አሁንም «ትንሽ» ስትዪኝ ጉልበቴ ይከዳኛል። አንቺንም ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ እንዲነግረኝ አልፈልግም። ከታመምሽ ታምሜያለሁ በዪኝ፤ ከወደቅሽ ወድቄያለሁ በዪኝ። ፈተና የለብኝም፤ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

መንገዱ ሰላም ከሆነ ቅዳሜ እመጣለሁ። አዲሱን ምጣድ ከአዲስ አበባ ይዤ እመጣለሁ፤ መስመር የሚዘረጋውን ሰው ወንድሜ ያናግረዋል። እስከዚያው ከቆጣሪው ላይ አጥፍተሽ ሶኬቱን በደረቅ እጅ ንቀዪው። እንጀራ ጎረቤት ትጋግርልሻለች፤ ተነጋግረናል። ቃጠሎውን ቅቤም ሊጥም አትቀቢው፤ ጤና ጣቢያ ሄደሽ አሳዪ።

ዛሬ ማታ ደግሞ ጨርቁን ፈትተሽ፣ የጎረቤት ልጅ እጅሽን ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ። ጨርቁን ሳይሆን እጅሽን።

ልጅሽ