በግምጃ ቤት ስለተረሱ ኮምፒውተሮችና ስለሚያዠው ባትሪያቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደብረ ብርሃን ከተማ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በመጠገን የምተዳደር ስሆን፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በየመሥሪያ ቤቱ ግምጃ ቤት ተከምረው ስለሚገኙ አሮጌ ኮምፒውተሮች ነው።

ባለፈው ክረምት «አይሠራም፣ ለቆራሌው ይሰጥ» የተባለ አንድ ባለ 386 (የድሮ ፕሮሰሰር ዓይነት) ኮምፒውተር ወደ እኔ መጣ። ክዳኑን ስከፍት ከኪቦርዱ መሰኪያ አጠገብ የተበየደችው፣ በርሜል የምትመስለው ባለ 3.6 ቮልት የኒኬል ካድሚየም ባትሪ አዥታ፣ ዙሪያዋን ሰማያዊና አረንጓዴ ዝገት አልብሳው ነበር። ይህች ባትሪ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱንና የሃርድ ዲስኩን ልክ፣ ማለትም የዲስኩን መጠን የሚነግሩትን ቁጥሮች፣ የምትይዝለት ናት፤ እሷ ስትሞት ኮምፒውተሩ ዲስኩን ስለማያገኘው፣ ደህናው ዲስክ ተቃጥሏል ይባላል።

ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ የመኪና ባትሪ አሲድ ስለያዘ ሁሉም እንዲያ ነው ብለው በሶዳ ያጥባሉ። ከዚህች የሚወጣው ግን ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ አልካላይ ስለሆነ፣ ኃይሉን የሚሰብረው ኮምጣጣ ነገር ነው። ባትሪዋን ነቅዬ በአቼቶ በነከርኩት የጥርስ ብሩሽ ስፈትገው ቅርፊቱ አረፋ እያወጣ ለቀቀ፤ አቼቶ ከጠፋ ሎሚም ይበቃል። ከዚያ በተጣራ ውሃ፣ ቀጥሎም በአልኮል አጠብኩት። በደብረ ብርሃን የክረምት ብርድ ይደርቃል ብሎ መጠበቅ የማይታሰብ በመሆኑ የባለቤቴን ፀጉር ማድረቂያ ተውሻለሁ።

ከባዱ ሥራ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፈሳሹ በማዘርቦርዱ (በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) አረንጓዴ ሽፋን ሥር ሰርጎ የመዳቡን መስመር ስለሚበላ፣ ላይ ላዩን ደህና የሚመስለው መስመር ውስጡ ተቆርጦ ይገኛል። በቴስተር አንድ በአንድ ስፈትሽ ሦስት መስመሮች ተበጥሰው አገኘሁ፤ አንደኛው ኪቦርዱን ወደሚቆጣጠረው ቺፕ የሚሄድ ነበር። በፀጉር ቀጭን ሽቦ በካውያ ቀጠልኳቸው። በአሮጌዋ ባትሪ ፈንታ ባለ 3 ቮልቷን ሲአር 2032 ስተካ ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድ አስገብቻለሁ፤ ማዘርቦርዱ ባትሪውን ቻርጅ ለማድረግ የተሠራ ሲሆን፣ ይህች ግን ቻርጅ ከተደረገች ልትፈነዳ ትችላለች። የዲስኩን ልክ ጀርባው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አንብቤ ሳስገባ ማሽኑ ተነሣ።

«ዲስኩን ነቅለህ በአዲስ ኮምፒውተር አትከፍተውም ነበር?» ላሉኝ መልሴ ይህ ነው፤ ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚግባቡበት የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተተየበ የአማርኛ ሰነድ የተጻፈበት ሶፍትዌር ከሌለ የሚታየው ትርጉም የለሽ ምልክት ነው። በዚህኛው ላይ ግን ደብዳቤዎቹ ከነሶፍትዌራቸው ወጥተዋል።

ስለዚህ ንብረት ክፍሎች አሮጌ ኮምፒውተር ወደ ግምጃ ቤት ከማስገባታቸው በፊት ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚከፈተው የማስተካከያ (ሴትአፕ) ገጽ ላይ ያለውን የዲስኩን ልክ፣ ማለትም የሲሊንደር፣ የሄድና የሴክተር ቁጥር በወረቀት ጽፈው ከክዳኑ ውስጥ እንዲለጥፉ፣ ከዚያም ባትሪዋን ባለሙያ በፒንሳ ቆርጦ እንዲያወጣት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ