ስለ ሲጋል መኪና ደህንነትና መልክ

ሰላም ወገኖች፣

ባለፈው አዘዞ ስንገናኝ ስለ ቻይናው የኤሌክትሪክ መኪና፣ ስለ ቢዋይዲ ሲጋል፣ የተነሳው ክርክር እስካሁን አልበረደም። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ አብዛኞቻችን ዓይናችን እንዲህ ዓይነት መኪና ላይ ስለሆነ፣ ነገሩ ቢጠራ ይሻላል።

መልኩን በተመለከተ ብዙ አልልም። ሹል የፊት መብራቱን እኔ ወድጄዋለሁ። የዝናብ መጥረጊያው አንድ ብቻ መሆኑ ግን በጎንደር ክረምት ያሳስባል።

ዋናው ደህንነቱ ነው። “አምስት ኮከብ አለው” የሚባለው ከፊሉ ብቻ ነው እውነት። መኪኖችን አጋጭቶ ደህንነታቸውን በኮከብ የሚመዝነው የአውሮፓ ድርጅት፣ ዩሮ ኤንካፕ፣ በ2025 እ.ኤ.አ. 5 ኮከብ የሰጠው ዶልፊን ሰርፍ ለሚባለው የሲጋል የአውሮፓ ሞዴል ነው። እሱ 3.99 ሜትር ይረዝማል፤ 6 ኤርባግ (በግጭት ጊዜ የሚነፋ መከላከያ ከረጢት) አለው። የቻይናው ሲጋል 3.78 ሜትር ነው። የዚያኛውን ኮከብ ለዚህኛው መለጠፍ ልክ አይደለም፤ ሻጭ ቢምልላችሁም አትቀበሉ።

ልትገዙ ከሄዳችሁ፣ ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት በሩን ክፈቱ። የወንበሩ መደገፊያ ጎን ላይና ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ምሰሶ ላይ የኤርባግ ጽሑፍ ፈልጉ። ካጣችሁ፣ ስንት ኤርባግ እንዳለው ሻጩ በጽሑፍ ይስጣችሁ። የኋላውን ቀበቶ በኃይል ሳብ አድርጉት፤ ወዲያው መያዝ አለበት።

ደግሞ የቻይናው ሲጋል ለ4 ሰው የተሠራ ነው። አምስተኛ ሰው ማጨቅ ይቅር፣ እባካችሁ። ሊማሊሞን በዚያ ሁኔታ መውረድማ ጭራሽ አይታሰብም።

መኪናው ያላችሁ በሚቀጥለው ስንገናኝ ይዛችሁት ኑ፤ አብረን እንፈትሸው።