የደነዘዘ ብልት ስንፈተ ወሲብ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የጤና አምዳችሁ ስለ ስንፈተ ወሲብ ደጋግሞ ይጽፋል፤ መልካም ነው። አንድ ችግር ግን ሁልጊዜ ከእሱ ጋር ተደባልቆ ይቀራል፤ የብልት ስሜት መጥፋት። ብልቱ ይቆማል፣ ዘሩም ይፈሳል፣ ሲነካ ግን ከክርን ቆዳ አይለይም። ሰውየው ይህን ይዞ ፋርማሲ ሲሄድ ሲልደናፊል (ቫያግራ) ተሰጥቶት ይመለሳል። ሲልደናፊል ደም ሥር ያሰፋል እንጂ የደነዘዘ ነርቭ አያነቃም። ለልብ ሕመም ናይትሬት የሚወስድ ሰው ላይማ የደም ግፊትን ድንገት አውርዶ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ሐኪምም ሆነ ፋርማሲስት አስቀድሞ «የጠፋው መቆሙ ነው ወይስ ስሜቱ?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ሰው ከከንቱ እንግልት ይድናል።

የብልትን ጫፍና ግንድ ስሜት የሚያደርሰው ፑደንዳል የሚባለው ነርቭ ነው። ከአከርካሪ ግርጌ ሳክራል 2፣ 3 እና 4 ከሚባሉት የነርቭ ሥሮች ተነስቶ፣ በመቀመጫ አጥንት ውስጠኛ ጎን ባለ ጠባብ ቦይ አልፎ ወደ ብልት ይዘልቃል። የብልት ሥርና የቆለጥ ከረጢት የፊት ገጽ ግን ስሜታቸውን የሚያገኙት ከወገብ በሚመጡ ሌሎች ነርቮች ነው። ስለዚህ የደነዘዘው ቦታ ራሱ ይናገራል። ከሄርኒያ ቀዶ ሕክምና በኋላ የብልት ሥርና የከረጢቱ ፊት ደንዝዞ ጫፉ ደህና ከሆነ፣ የተነካው በብሽሽት የሚያልፈው ነርቭ እንጂ ፑደንዳል አይደለም።

ሐኪም ዘንድ ከመሄድ በፊት በቤት ማየት ይቻላል። በጥጥ ጫፍ፣ ቀጥሎም ውኃ ውስጥ በቀዘቀዘ ማንኪያ የብልቱን ጫፍ፣ ግንዱን፣ የቆለጡን ከረጢት፣ በቆለጥና በፊንጢጣ መካከል ያለውን ቦታ፣ የፊንጢጣን ዙሪያና የጭን ውስጡን ቀኝና ግራ እያነጻጸሩ መንካት ነው። የጠፋው መነካቱ ነው፣ ቅዝቃዜው ነው ወይስ ሁለቱም? ወይስ መነካቱ እየታወቀ ደስታው ብቻ ነው የሌለው? ይህን፣ የጀመረበትን ቀንና ከዚያ በፊት ባሉት ወራት የተወሰደውን መድኃኒት ሁሉ በወረቀት ይዞ መሄድ የሐኪሙን ሥራ በግማሽ ያቀለዋል።

ድንዛዜው በፊንጢጣ ዙሪያ ከሆነ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ሳይታወቅ ካመለጠ፣ ወይም ሁለት እግር ከዛለ፣ አንዱ ብቻ ቢሆንም ጉዳዩ የዚያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ ነው። የተንሸራተተ ዲስክ ወይም ዕጢ በአከርካሪ ግርጌ ያሉትን ነርቮች እየጨፈለቀ ሊሆን ይችላል። ከሸኑ በኋላ በአልትራሳውንድ ሲታይ ፊኛ ውስጥ ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ሽንት ከቀረ ጥርጣሬው ይበረታል። ኤም አር አይ (በማግኔት የሚነሳ የውስጥ አካል ምስል) ወዲያው ተነስቶ፣ ከተረጋገጠ ቀዶ ሕክምናው ሳይውል ሳያድር ቢደረግ ይመረጣል፤ 48 ሰዓት ካለፈ ሽንትን መልሶ የመቆጣጠር ዕድል እየጠበበ ይሄዳል። የወገብ ማስታገሻ መርፌ ወግቶ «ነገ ተመለስ» ማለት እዚህ ላይ አካል ያጎድላል።

የስኳር በሽታ ነርቭ ይጎዳል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእግር ጣት ይጀምራል። እግር ደህና ሆኖ ብልት ብቻ ከደነዘዘ፣ ስኳር ቢገኝም እንኳ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት የሚወስድ ሰው የቫይታሚን ቢ12 መጠኑን ይለካ፤ መድኃኒቱ ቢ12 ከምግብ በበቂ እንዳይሰርጽ ሊያደርግ ይችላል፣ አጽዋማትን ሁሉ የሚጾምና በፍስክም ሥጋና ወተት እምብዛም የማያገኝ ከሆነ ክምችቱ ቶሎ ይሟጠጣል። ለቲቢ አይሶናያዚድ የሚወስድ ደግሞ ቢ6 አብሮ ሊሰጠው ይገባል። ነገር ግን «ነርቭ ያጠናክራል» እየተባለ ቢ6 ያለበትን እንክብል በከፍተኛ መጠን ለወራት መዋጥ ራሱ ነርቭ ያደነዝዛል፤ ይህን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው።

በባሕር ዳርና በሐዋሳ ብስክሌት ለሚነዱ፦ የኮርቻው አፍንጫ (ሹሉ የፊት ክፍሉ) ፑደንዳል ነርቭን ከአጥንት ጋር ያጣብቀዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት በብስክሌት የሚዘዋወሩ 90 ፖሊሶች አፍንጫ በሌለው ኮርቻ ለ6 ወር እንዲነዱ አድርጎ ነበር፤ ሲነዱ ብልታቸው አይደነዝዝም ያሉት ከ27 በመቶ ወደ 82 በመቶ ወጡ። እንዲህ ያለ ኮርቻ ካልተገኘ ሰፊና መሐሉ የተከፈተ መምረጥ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ አለማቃናት፣ በየ10 ደቂቃው ከኮርቻው ብድግ ማለት ይረዳል።

አሁን ብዙም ወደማይነገረው ልምጣ። ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊንን የመሳሰሉ የድብርት መድኃኒቶች ብልትን ሊያደነዝዙ ይችላሉ፤ በጥቂት ሰዎች ላይ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ችግሩ ለወራትና ለዓመታት ይቀራል። የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. ይህ ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ እንዲጻፍ መክሯል። ለፀጉር መሳሳት በሚወሰደው ፊናስተራይድም ተመሳሳይ ሪፖርት አለ። ሆኖም የድብርት መድኃኒትን በራስ ውሳኔ በአንድ ቀን ማቆም አይገባም፤ ማዞር፣ ጭንቅላት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ስሜትና የድብርቱ ማገርሸት ሊከተል ይችላል። ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ መቀነስ ወይም ወደ ሌላ መድኃኒት መቀየር ይቻላል። «ቶሎ እንዳይጨርሱ» ተብለው የሚሸጡ ስፕሬዮችና ቅባቶችም ብዙዎቹ ሊዶካይንን የመሳሰለ ነገር ያለባቸው ማደንዘዣዎች ናቸው፤ የሚጠቀም ሰው መጀመሪያ እነሱን ያቁም።

ምርመራው እጅግ የተወሳሰበ አይደለም፦ በመርፌ ጫፍና በጥጥ መንካት፣ ሲመቱት በሚርገበገብ የብረት ሹካ ንዝረት መለካት፣ የፊንጢጣን ጡንቻ ጥንካሬ ማየት፤ ከደም የጾም ስኳር፣ ቢ12፣ የታይሮይድ፣ የቂጥኝ ምርመራና ጠዋት የተቀዳ ቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን)። ኤም አር አይ ሲታዘዝ ወገቡ ብቻ ሳይሆን ሳክረሙም (የአከርካሪ ግርጌ አጥንቱም) እንዲነሳ በወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እሱ ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶ ምንም ላይገኝ ይችላል። ያኔ «በሐሳብህ ነው» ማለት ስህተትም ጭካኔም ነው። መሣሪያዎቻችን ትልልቁን ጉዳት እንጂ የቀጫጭን ነርቮችን ችግር አያሳዩም። ለዚህ ዓይነቱ ድንዛዜ የተረጋገጠ ፈውስ የለም፤ አለ እያለ ገንዘብ የሚቀበልን መሸሽ ነው። ከግፊት የመጣ ከሆነ ግን፣ የተጎዳ ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ ለውጡ በወራት እንጂ በሳምንት አይለካም። ሰው የሚሳሳተው በየቀኑ «ተመለሰልኝ ወይ?» እያለ እያሻሸ ሲፈትን ነው፤ ቆዳው ይላጣል፣ ጭንቀቱም የቀረችውን ስሜት ይሸፍናል። በወር አንድ ጊዜ በጥጥና በማንኪያ ማየት ይበቃል።

ስሜት የሌለው ቆዳ መቃጠሉንም አይናገርም። ውኃን በእጅ አንጓ ለክቶ መታጠብ፣ ከግንኙነት በኋላ በብርሃን ማየት፣ ዚፕ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ለሚስት ደግሞ «አንቺን አልጠላሁም፣ ቆዳዬ ነው የደነዘዘው» ብሎ ቶሎ መንገር፤ ካልተነገራት ሌላ ሴት የያዘ ይመስላታል። ከዚያም በስምምነት ግንኙነትን ለሁለት ሳምንት አቁሞ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ለ20 ደቂቃ ያህል ከብልት በቀር ሌላውን ገላ እየተነካኩ ስሜት ያለበትን ቦታ መፈለግ፣ በኋላ ብልትን መጨመር ነው። አንገት፣ ደረትና የጭን ውስጥ ብዙ ጊዜ ደህና ናቸው። ልጅ ስለመውለድ የሚጨነቅም ይወቅ፤ ድንዛዜው ራሱ የዘር ፍሬን አይጎዳም።

ሕይወቱን ለማጥፋት የሚያስብ ካለ ይህን ለሐኪሙ በግልጽ ይንገር፤ ሐኪሙም ሳይጠብቅ ይጠይቅ፤ በዚህ ችግር ተስፋ የሚቆርጡ ወጣቶች አሉና። የቀረው በ3ኛውና በ6ኛው ወር ተመልሶ መታየት ነው። በመካከሉ የእግር መደንዘዝ፣ የሽንት ለውጥ ወይም የዓይን ብዥታ ከተጨመረ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም።

ከጤና ባለሙያ አንባቢያችሁ
አዲስ አበባ