ይድረስ ለካታሎግ ሠሪዋ ወዳጄ

ውድ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ዝምታዬ ቢረዝምም ከልቤ አልወጣሽም። የሰፈራችሁን ቤተ መጻሕፍት ልታደራጂ መሆኑን ስሰማ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋ ወይዘሮ ሪታ ፓንክረስት ትዝ አሉኝ። ግንቦት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በ91 ዓመታቸው ካረፉ ወዲህ ብዙ ጊዜ የሚነሡት ከባለቤታቸው ከታሪክ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ጋር ነው። የራሳቸው ሥራ ግን ለብቻው ሊነገር ይገባዋል።

ሩማንያ ተወልደው እንግሊዝ ያደጉት ወይዘሮ ሪታ አዲስ አበባ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። መጀመሪያ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በወመዘክር ሠሩ፤ በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲን (የዛሬውን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ) ቤተ መጻሕፍት መሩ። የዩኒቨርሲቲው ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት የተሠራው በእሳቸው ጊዜ ነው። እኔ ከሁሉ የማከብርላቸው እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ መጻሕፍት ያሳተሙትን ጥናት ነው። ንጉሡ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ያሰቧቸው ብራናዎች በ1860 ዓ.ም. ተዘርፈው ደላንታ ላይ በሐራጅ ተሸጡ፤ ወደ 350 የሚጠጉት ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ሌላው የጦር ምርኮ ብሎ የሚያልፈውን ክምር እሳቸው እንደ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አዩት፦ ከየት መጣ? ለማን ታሰበ? ወዴት ተበተነ?

አንቺም ከዚሁ ጥንቃቄ ጀምሪ። በካታሎጉ፣ ማለትም በመጻሕፍቱ መዝገብ፣ ደራሲን በራሱ ስም አስገቢ እንጂ እንደ ፈረንጅ የአባቱን ስም አታስቀድሚ፤ አንዱ ካርድ «ሀዲስ»፣ ሌላው «አለማየሁ» ካለ የአንድ ሰው መጻሕፍት ሁለት ቦታ ይወድቃሉ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የሚገቡት በ«ኅሩይ» ነው፤ ማዕረጉ መነሻ አይሆንም፣ «ወልደ ሥላሴ»ም አንድ ስም ስለሆነ አይከፈልም። ትልቁ ጣጣ ሀ፣ ሐ እና ኀ ናቸው። ፊደሎቹ በተራ ስለሚራራቁ «ኅሩይ»ን በ«ሀ» የፈለገ አንባቢ መጽሐፉ የለም ብሎ ይሄዳል። አንዱን አጻጻፍ ምረጪና ከሌሎቹ ወደ እሱ የሚመራ «ተመልከት» የሚል ካርድ አኑሪ። ዓመቱንም ጥንድ አድርጊ፦ 1958 ዓ.ም. የሚል መጽሐፍ እ.ኤ.አ. 1965/66 ተብሎ ካልተጻፈበት ኮምፒውተሩ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጀዋል።

እስኪ መጻሕፍቱ ስንት እንደሆኑ፣ ከመካከላቸውም ብራና ካለ ጻፊልኝ። ለብራናው ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል።

አክባሪሽ