ከፖዙዞ ስመለስ

እህት ዓለም፣ እንደምን አለሽልኝ?

ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ስጽፍልሽ እጄ ይከብደኛል። እማማ ማረፋቸውን የሰማሁት ሥራ ቦታ ሆኜ ነው። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ነገው ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር። ከዚያ በኋላ አፈርኩ። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው በምን አፉ ይደውላል? ነፍሳቸውን ይማር። ይቅር በይኝ።

እንድጽፍልሽ ያደረገኝን ልንገርሽ። ባለፈው ሐምሌ የባለቤቴን ቤተሰቦች ልንጠይቅ ፔሩ፣ ሊማ ሄደን ነበር። እሱም «አንድ ቦታ ላሳይሽ» አለኝና የአንዲስን ተራሮች አቋርጠን ወደ አማዞን በኩል ወረድን። ኦክሳፓምፓ ከምትባል ከተማ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ኮረኮንች ነው። ባንድ በኩል ገደል፣ በሌላ በኩል ፏፏቴ። ከታች የዋንካባምባ ወንዝ ይጮሃል። መጨረሻው ላይ ፖዙዞ አለች። ሹል ጣሪያ ያላቸው የእንጨት ቤቶች፣ በረንዳቸው ላይ አበባ፣ ከጓሯቸው ሙዝና ካሳቫ። እዚህ ሙኒክ አካባቢ የማያቸውን ቤቶች ሰው ተሸክሞ ጫካ ውስጥ ያስቀመጣቸው ነው የመሰለኝ።

እ.ኤ.አ. በ1857 ነው 300 የሚሆኑ ድሆች፣ ከኦስትሪያዋ ተራራማ አገር ከታይሮልና ከጀርመኗ ፕሩሲያ የመጡ፣ ኖርተን በምትባል መርከብ ከአንትወርፕ የተነሱት። በታይሮል ያኔ ድሃ ለማግባት እንኳ ፈቃድ ማግኘት ይከብደው ነበር። ንብረት የሌለው ትዳር የለውም። እስቲ አስቢው! የፔሩ መንግሥት መሬትም መንገድም እሰጣችኋለሁ ብሏቸዋል። ሲደርሱ መንገዱ የለም። አንዲስን በእግራቸው ተሻገሩ። ዱሩን ራሳቸው እየመነጠሩ፣ ዮሴፍ ኤግ ከሚባል ቄሳቸው ጋር። የሞተው ሞተ፣ ተስፋ የቆረጠውም ከመንገድ ቀረ። ጁላይ 25 ቀን 1859 ፖዙዞ የገቡት 170 ያህል ብቻ ናቸው። መኪና የሚያስኬድ መንገድ የገባላቸው ደግሞ በ1970ዎቹ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ጠብቀው! ይህን ስሰማ ሆዴ ባባ። አገሩ ግን ባዶ አልነበረም። ያኔሻ የሚባሉ ሕዝቦች ከነሱ በፊትም የኖሩበት ምድር ነው። የሰፋሪዎቹ ጀግንነት ሲወራ ይሄ ቶሎ ታለፈና ቅር አለኝ።

አሁን ወደ ሴትዮዋ ልምጣ። አንዲት አሮጊት በረንዳቸው ላይ አስቀምጠውን ሽትሩደል ሠሩልን። እዚህ ሙኒክ በፖም የሚጋገር ጥቅልል ነው። እሳቸው በሙዝ ይሠሩታል፣ ፖም ከየት ይምጣ። ሊጡን በእጃቸው ጀርባ እየሳቡ እንደ ነጠላ ያሳሱታል። የጠረጴዛው እንጨት ከሥሩ እስኪታይ ድረስ። የምናወራው በስፓኒሽ ነበር፤ የኔን ስፓኒሽ መቼም ታውቂዋለሽ። ቃል ሲጠፋኝ በሙኒክ ሰፈር ጀርመንኛ አንድ ነገር አልኩ። ሴትዮዋ ሊጡን ትተው ቀና አሉ። በታይሮል ዘዬ መለሱልኝ! ሙኒክ ያለችበት የባቫሪያና የታይሮል አነጋገር ዘመዳሞች ስለሆኑ ግማሹ ገባኝ። እኔና እሳቸው፣ በአማዞን ደጃፍ፣ በተራራ ሰው ጀርመንኛ።

«ይሄን ቋንቋ ከማን ጋር ያወሩታል?» አልኳቸው።

«ከእህቴ ጋር ነበር» አሉኝ። «ሞተችብኝ።»

ልጆቻቸው ይሰማሉ፣ የሚመልሱት ግን በስፓኒሽ ነው። ትምህርቱም ሥራውም በስፓኒሽ ነው። ገደሉ መቶ ዓመት የጠበቀላቸውን ቋንቋ መንገዱ ሲመጣ ይዞት እየሄደ ነው። መንገድ ባይመጣ ይሻል ነበር አልልም። የታመመ ሰው ተሸክሞ ያን ተራራ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ አይቻለሁ፣ ገደሉን አይቼዋለሁ። ግን ሴትዮዋ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ዝም ያሉት ዝምታ አልወጣልኝም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔስ አማርኛ ከማን ጋር አወራለሁ? በርበሬ ስገዛ ከባለሱቁ ጋር፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ። የሰፈራችንን ወሬ ግን ካንቺ በቀር ከማንም ጋር አላወራም። እማማ ደጅ አምሽተን ስንገባ የሚቆጡንን ቁጣ፣ ቁጣው ሳያልቅ ምጣዱ ላይ የሚያስቀሩልንን ትኩስ እንጀራ፣ ሌላ ማን ያስታውስልኛል? ልጄ 9 ዓመት ሞላት። የምላት ሁሉ ይገባታል፣ መልሱን በጀርመንኛ ነው የምትሰጠኝ። ልክ እንደዚያ ቤት ልጆች።

ስንመለስ ቪያ ሪካ ላይ ሁለት ከረጢት ጥሬ ቡና ገዛሁ። ያችን ከተማ የቆረቆሩትም የፖዙዞ ልጆች ናቸው። አንዱን ቆልቼ ጠጣሁት። ሁለተኛውን አልነካሁትም፣ ያንቺ ነው። አገር ቤት የሚገባ ሰው ሳገኝ እልክልሻለሁ።

እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ባንቺ ሰዓት፣ እደውላለሁ። ካላነሳሽ ሰኞም እደውላለሁ። ልጄንም አቀርብልሻለሁ። «እንደምን ዋልሽ አክስቴ» እንድትልሽ እያለማመድኳት ነው። «እንደምን» ላይ ደርሳለች።

ያንቺው እህት