«ከመጨረሻው 10 ኪሎ ሜትር በፊት ምን ይታያል?»

ለድርጅታችሁ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የ2025 ጂሮ ዲታሊያ (የሦስት ሳምንቱ የጣሊያን የብስክሌት ውድድር) 20ኛ ዙር ሙሉ ሥርጭት ስለመከልከሉ ለአራተኛ ጊዜ የቀረበ ቅሬታ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

የደንበኝነት ቁጥሬና ከዚህ ቀደም የላክኋቸው ሦስት ቅሬታዎች በመዝገባችሁ ስለሚገኙ አልደግማቸውም። ለሦስቱም «ውድ ደንበኛችን፣ አስተያየትዎ ደርሶናል፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የሚል አንድ ዓይነት መልስ ልካችሁልኛል። ያመሰገናችሁት ትዕግሥት ባለፈው ማክሰኞ አልቋል።

ማክሰኞ ዕለት ደወልኩ። ሙዚቃችሁን ለ35 ደቂቃ ካዳመጥኩ በኋላ አንድ ሠራተኛችሁ አነሣ። አነጋገሩ ጨዋ ነበር፤ ይህን አልክድም። «ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር እስከ መጨረሻው» ብላችሁ ያስተዋወቃችሁት ውድድር ቅዳሜ ዕለት ሊጠናቀቅ 12 ኪሎ ሜትር እስኪቀረው ድረስ የቴኒስ ጥንድ ጨዋታ ስታሳዩ መቆየታችሁን ነገርኩት። «እሑድ ጠዋት ይጫናል» የተባለው ሙሉ ቅጂም እንዳልተጫነ ጨመርኩለት። «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» አለኝ፤ ጠበቅሁት። ሲመለስ «ጌታዬ፣ መዝገቡን አይቼዋለሁ። ወሳኙ ክፍል በቀጥታ ተላልፏል፤ አሸናፊው ሲገባም አሳይተናል» አለኝ።

«የትኛው አሸናፊ?» ብዬ ጠየቅሁት።

ዝም አለ። የወረቀት ድምፅ የመሰለ ነገር ሰማሁ። ከዚያ «ለነገሩ በብስክሌት ውድድር ከመጨረሻው 10 ኪሎ ሜትር በፊት ምን ይታያል? ሰዎቹ ተከታትለው ይሄዳሉ እንጂ!» አለና ሳቀ። ትንሽ ሳቅ ናት፤ በአፍንጫ የምትወጣው ዓይነት። ቴኒሱን ይቅር ልላችሁ ተዘጋጅቼ ነበር። ያቺ ሳቅ ግን በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ሆነችብኝ።

ጥያቄው ከተጠየቀ ዘንድ መልስ ይገባዋል።

«የትኛው አሸናፊ?» ያልኩት ሰውየውን ለማደናገር አልነበረም። በሦስት ሳምንት ውድድር እያንዳንዱ ቀን (ዙር የምንለው) ቢያንስ ሁለት ውድድር ይዟል፤ አንዱ የዕለቱ ድል፣ ሌላው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚደመረው ሰዓት። ቅዳሜ ዕለት ሴስትሪዬሬ ላይ ቀድሞ የገባው አውስትራሊያዊው ክሪስ ሃርፐር ነው። ጂሮውን በእጁ ያስገባው ግን በዚያው ቀን ሦስተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ሳይመን ዬትስ ነው። ሠራተኛችሁ የትኛውን ማለቱ እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ዬትስ በዚያ ጠዋት ሲነሣ በአጠቃላይ ሰዓት ሦስተኛ ነበር። በአጠቃላይ ሰዓት መሪው የሚለብሰውን ሮዝ ማሊያ የለበሰው የ21 ዓመቱ ሜክሲኳዊ ኢሳክ ዴል ቶሮ ሲሆን ዬትስን በ1 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ፣ ሁለተኛውን ኢኳዶራዊ ሪቻርድ ካራፓዝን ደግሞ በ43 ሰከንድ ይመራ ነበር። ከፊታቸው ኮሌ ዴሌ ፊኔስትሬ ቆሟል፤ ከ18 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ አማካይ ተዳፋትነቱ ከመቶ 9 የሚያልፍ፣ ከአናቱ 8 ኪሎ ሜትር ያህሉ ኮረኮንች የሆነ ዳገት። እዚያ ላይ ዬትስ ተነጥሎ ወጣ። ዴል ቶሮ ዓይኑን ከካራፓዝ ላይ አላነሣም፤ ካራፓዝ ደግሞ ማሊያውን የለበሰው ራሱ ያሳድድ ብሎ ጠበቀ። ሁለቱ ሲተያዩ ሦስተኛው ሄደ። ቀደም ብሎ ከፊት ካመለጡት ጋር የነበረው የቡድን ጓደኛው ዎውት ቫን አርት ደግሞ ከተራራው ማዶ ቆይቶ ተቀበለውና ሸለቆውን ነፋሱን እየጋፈጠለት ወሰደው። መጨረሻው ላይ ዬትስ ሁለቱን ከአምስት ደቂቃ በላይ ጥሏቸው ገባ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሆነው እናንተ የቴኒስ ኳስ ስታመላልሱ ነው። ሥዕላችሁ ሲመጣ ዬትስ ከፊት፣ ሮዙ ማሊያ በደቂቃዎች ወደ ኋላ። ለምን? እንዴት? ማን ማንን አላሳደደም? ተንታኛችሁ «ለማመን የሚያስቸግር ነገር ነው ያየነው» አለ። ያየነው!

የባሰ የሚያቃጥለኝ ያ ተራራ ለዬትስ ማን እንደነበር ማወቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በዚያው ፊኔስትሬ ላይ ሮዙን ማሊያ ለብሶ ሳለ እግሩ ከዳው፤ በዕለቱ ከ38 ደቂቃ በላይ ተበልጦ ገባ። በዚያ ቀን ማሊያውን የወሰደው ክሪስ ፍሩም ብቻውን ያመለጠው 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ነበር። (ሠራተኛችሁ 80ን ከ10 ጋር ያስተያይልኝ።) ዬትስ ያጣውን ለመመለስ ሰባት ዓመት ጠበቀ፤ እኔም ሰባት ዓመት አብሬው ጠብቄያለሁ። ለእናንተ የከፈልኩትም ይህን ለማየት ነበር።

ሐቁን ላለመሸሽ፣ አሰልቺ ቀን አለ። ሜዳው 200 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከትንንሽ ቡድኖች ሁለት ሰዎች የደጋፊ ድርጅታቸውን ስም ካሜራ ፊት ለማሳየት አምልጠው ሲወጡ፣ ዋናው ስብስብ ሦስት ደቂቃ ሰጥቷቸው እንደ ገመድ እየሰበሰበ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ሲውጣቸው፣ ሄሊኮፕተሩም ከግንብ ወደ ሱፍ ማሳ ሲዞር እንቅልፍ ወስዶኝ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ቀን ለሠራተኛችሁ እለቅለታለሁ፤ የመጨረሻው 10 ኪሎ ሜትር ይበቃዋል። ያም ቢሆን ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ሦስት ዙር ሲያሸንፍና በነጥብ ለሚበልጠው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ ፓሪስ... ይቅርታ፣ ያ ዓመት ውድድሩ በኒስ ነው ያለቀው፤ አረንጓዴውን ማሊያ ይዞ ሲጨርስ እነዚያ 10 ኪሎ ሜትሮች ልብ የሚያቆሙ ነበሩ።

በተራራ ላይ የሚመጣው መሰልቸት ግን ሌላ ምክንያት አለው። አንድ ቡድን ከሁሉ ሲበረታና የመሪውን አጋሮች አሰልፎ ፍጥነቱን ሲያከር፣ ከኋላ ያለው ሰው ለማጥቃት ትንፋሽ አይተርፈውም። ቀድሞ ስካይ፣ በኋላ ኢኔዎስ የተባለው ቡድን ከ2012 እስከ 2019 ከነበሩት ስምንት ቱር ደ ፍራንሶች ሰባቱን የወሰደው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። አድናቆቴን አልነፍጋቸውም፤ ለማየት ግን ጥርስ እንደ ማስነቀል ነበር። ውድድሩ ነፍስ የሚዘራው መሪው አጋር አጥቶ ብቻውን ሲቀር፣ ተቀናቃኞቹ እርስ በርስ ሲፈራሩ፣ ልዩነቱ በሰከንድ ሲቆጠርና በሦስተኛው ሳምንት የሁሉም እግር ሲዝል ነው። በዚያ ቅዳሜ አራቱም ተገናኝተው ነበር።

ይህ ደግሞ ከመጨረሻው 10 ኪሎ ሜትር ተነሥቶ የሚገባ ነገር አይደለም። በ1989 ቱር ደ ፍራንስ ግሬግ ሌሞንድ ሎራን ፊኞንን የበለጠው ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው በ8 ሰከንድ ነበር። በ2020 ቱር ደ ፍራንስ ታዴይ ፖጋቻር በተናጠል ከሰዓት ጋር በሚደረገው የ36 ኪሎ ሜትር ውድድር፣ ከፍጻሜው አንድ ቀን ሲቀር፣ ፕሪሞዥ ሮግሊች ይመራበት የነበረውን 57 ሰከንድ ገልብጦ ማሊያውን ወሰደ። ያን ቀን የሮግሊች የራስ ቁር ተንጋዶ፣ ፊቱ ነጭ ሆኖ ሲገባ ያዘነለት ሰው፣ ያዘነለት ቀደም ያሉትን ቀናት ስላየ ነው።

እንደገና ወደ ሠራተኛችሁ ልመለስ። በ2016 የስፔኑ ቩኤልታ 15ኛ ዙር ወደ ፎርሚጋል ነበር፤ 118.5 ኪሎ ሜትር። አልቤርቶ ኮንታዶርና ናይሮ ኪንታና ገና ከመነሻው ሸሹ። ፍሩም ከኋላ ተያዘ፤ አጋሮቹም አልደረሱለትም፤ ከሁለት ደቂቃ ተኩል በላይ አጥቶ ገባ። ኪንታና ቩኤልታውን አሸነፈ። ከ90 የሚበልጡ ጋላቢዎች ከተፈቀደው ሰዓት ውጪ ቢገቡም ሁሉንም ማሰናበት ስለማይቻል ይቅር ተባሉ። ስለዚህ ሠራተኛችሁ የመጀመሪያዎቹን 10 ኪሎ ሜትሮች ማለቱ ከሆነ፣ ልክ ነው፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።

አንዴ ከተነሣ አይቀር፣ እስከ ዛሬ አልፌያቸው የነበሩትንም ልንገራችሁ። ቅዳሜ ማታ ሙሉው ቅጂ ይጫናል ብላችሁኝ ስልኬን ሳልነካ ልጠብቅ ስል፣ የእናንተው መተግበሪያ ራሱ «ዬትስ ሮዙን ማሊያ ነጠቀ!» የሚል መልእክት ከነደወሉ ላከልኝ። በምትኩ የጫናችሁት የ22 ደቂቃ ቅንጭብ ሽፋኑ ላይ ዬትስ ሲያለቅስ የሚያሳይ ፎቶ ለጥፋችሁበታል። የቅንጭቡ የፊኔስትሬ ክፍል ስንት ደቂቃ መሰላችሁ? አራት። ከአራቱ አንዱ ዝግታ የተጨመረበት የደጋፊዎች ጭፈራ ነው። በአመለጡትና በዋናው ስብስብ መካከል ያለውን የጊዜ ልዩነት የሚያሳየው ቁጥር በአርማችሁ ስለተሸፈነ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከ«1» ቀጥሎ ያለውን አኃዝ ስገምት ነበር። ማስታወቂያ የምታስገቡት ደግሞ ሁልጊዜ ዳገቱ ሲጀምር ነው፤ ሜዳው ላይ ለሦስት ሰዓት አንድም የለም። ይህን የሚመርጠው ሰው ብስክሌት አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ተንታኛችሁም በ9ኛው ዙር፣ ዴል ቶሮ ሲየና ላይ ማሊያውን በለበሰበት በዚያ ኮረኮንች ቀን፣ ስላረፈበት ሆቴል ትራስ አውርቶልናል።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት የምጠይቀው የሚከተለው ነው። የ20ኛው ዙር ሙሉ ቅጂ፣ ከቬሬስ መነሻ እስከ ሴስትሪዬሬ፣ ያለ ቅንጭብ ይጫን። ርዕሱም «20ኛ ዙር» ብቻ ይሁን። የወሩ ክፍያዬ ይመለስልኝ። መጀመሪያ ላይ ግማሹን ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ይህን ደብዳቤ እየጻፍኩ ሳለ ግን ሙሉውን መጠየቅ እንደሚገባኝ ተረዳሁ። «ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር እስከ መጨረሻው» የሚለው ማስታወቂያ ወይ ይፈጸም ወይ ይነሣ፤ ሁለቱም ካልሆነ የሸማቾችን ጉዳይ ለሚመለከተው አካል ከነማስረጃው አቀርባለሁ፤ የማስታወቂያውን ፎቶ፣ የቅዳሜውን የሥርጭት ሰዓትና ሦስቱን «ውድ ደንበኛችን» አያይዤ።

ሠራተኛችሁ እንዲቀጣ አልጠይቅም። የፎርሚጋሉን ዙር ከመነሻው ጀምሮ ቁጭ ብሎ ይየውና ይደውልልኝ። ስልኬን አነሣለታለሁ፤ ሙዚቃም አላሰማውም።

የ2025 ቱር ደ ፍራንስ እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 በሊል ስለሚጀመር መልሳችሁን ከዚያ በፊት እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ደንበኛችሁ

ማሳሰቢያ፦ የ2025ቱን የዶፊኔ (የፈረንሳይ የብስክሌት) ውድድር ገና አላየሁትም። መልስ ስትልኩልኝ እባካችሁ በኢሜይሉ ርዕስ ላይ ውጤቱን አትጻፉ።