ደሙ በስንት ሰዓት ተቀዳ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የሆርሞን ምርመራ ውጤት የያዘ ወረቀት ላይ ቁጥሩ አለ፣ «ኖርማል» የሚባለው መጠንም አለ። ደሙ የተቀዳበት ሰዓት ግን ብዙ ጊዜ ይቀራል። ሰዓቱ ከሌለ ቁጥሩ ምን እንደሚል ማወቅ ስለማይቻል፣ ጉዳዩ ታካሚዎችም ጤና ተቋማትም ዘንድ እንዲደርስልን ይህን ጽፈናል።

ኮርቲሶልን እንይ። ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ይህን ሆርሞን ቀኑን ሙሉ እኩል አያመነጩም። ሊነጋጋ ሲል መጨመር ይጀምራል፤ ሰው ከነቃ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጣሪያው ላይ ይደርስና ከዚያ እየወረደ፣ እኩለ ሌሊት ገደማ ከሁሉም ያንሳል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ለተቀዳ ደም ብዙ ላብራቶሪዎች የሚጠቀሙበት መጠን ከ5 እስከ 25 ማይክሮግራም በዴሲሊትር አካባቢ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የዚያው ጤነኛ ሰው መጠን ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ 4 የሚል ውጤት ጠዋት ከተገኘ የአድሬናል ድክመት አለ ወይ ተብሎ መጣራት አለበት፤ አመሻሽ ላይ ከሆነ ግን የሚያሳስብ አይደለም። በተቃራኒው 12 ጠዋት ላይ ደህና ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ ከተገኘ የኩሺንግ በሽታን (ኮርቲሶል ከመጠን በላይ የሚበዛበትን ሕመም) ያስጠረጥራል። በዚህ በሽታ ቀድሞ የሚጠፋው የሌሊቱ መውረድ ስለሆነ ነው የምራቅ ናሙና ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ የሚወሰደው።

ቴስቶስትሮን በተባለው የወንድ ሆርሞን ላይ የሚሠራው ስህተት ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ምርመራው ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ምግብ ሳይበላ፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት መደረግ አለበት። በወጣት ወንዶች ከሰዓት በኋላ ያለው መጠን ከጠዋቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ሊያንስ ይችላል። እንቅልፍም አለበት፦ በ2011 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ጤነኛ ወጣቶችን ለአንድ ሳምንት በየሌሊቱ ለአምስት ሰዓት ያህል ብቻ እንዲተኙ ሲያደርግ የቀን ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ቀንሷል። ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ፣ ምሳ በልቶ ደም የሰጠ ሰው «አንሶሃል» ተብሎ የቴስቶስትሮን መርፌ ሊጀመርለት ነው። መርፌው ደግሞ ከአንጎል ወደ ዘር ፍሬ የሚሄደውን ትእዛዝ ስለሚዘጋ የወንድ ዘር ምርትን በእጅጉ ይቀንሳል ወይም ያቆማል። ልጅ ለመውለድ የሚፈልግ ሰው ይህን ሳይነገረው መርፌውን መጀመር የለበትም።

የዕድገት ሆርሞን ዋናው ፍሰት ከባድ እንቅልፍ እንደወሰደን ስለሚመጣ፣ ቀን ላይ በዘፈቀደ ተቀድቶ ዝቅ ማለቱ ምንም አያስረዳም። ጡት ወተት እንዲያመነጭ የሚያደርገው ፕሮላክቲን በእንቅልፍ ይጨምራል፤ ከነቁ ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ቆይቶ መቀዳት ይሻለዋል። የታይሮይድ ዕጢን የሚያዝዘው ሆርሞን ቲኤስኤች ሌሊት ከፍ፣ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ይላል፤ ክትትል ላይ ያለ ሰው ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይመርመር።

እኛ አገር አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። የላብራቶሪው ማሽንና ኮምፒውተር 08:00 ሲሉ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለታቸው ነው፤ ደም የቀዳው ባለሙያ በእጁ «8 ሰዓት» ብሎ ከጻፈ ግን ከቀኑ 8 ነው። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው፤ ለኮርቲሶል ይህ የጤናና የሕመም ልዩነት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ» የሚለው ቃል ሳይጻፍ ቁጥር ብቻውን አይቀመጥ። ከጎኑም ታካሚው የነቃበት ሰዓትና የሥራ ፈረቃው ይጻፍ።

ፈረቃው ለምን? የሰውነት ሰዓት የሚገኘው አንጎል ውስጥ፣ የዓይን ነርቮች ከሚሻገሩበት ቦታ በላይ ነው፤ በዋናነት የሚሞላውም በብርሃን ነው። ሌሊት ሲሠሩ ያደሩ ጥበቃዎች፣ ነርሶችና ዳቦ ጋጋሪዎች ጠዋት ወደ ቤት ሲሄዱ ፀሐይ ስለሚያገኛቸው፣ ሰዓታቸው ሙሉ በሙሉ ወደ ሌሊት ሥራው አይዞርም። ለእነሱ «ጠዋት» የቱ እንደሆነ ቁርጥ ያለ መልስ የለም። ከተቻለ ፈቃድ ወስደው ሌሊት መተኛት ከጀመሩ ከቀናት በኋላ ይመርመሩ። ከዋሽንግተን ለዕረፍት መጥተው አጠቃላይ ምርመራ የሚያደርጉ ወገኖችም እንዲሁ፦ የሰዓት ልዩነቱ እንደ አሜሪካ የሰዓት ለውጥ ሰባት ወይም ስምንት ነው፣ ሰውነት የሚያካክሰው በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ የሆርሞኑን ምርመራ ለሁለተኛው ሳምንት ያቆዩት።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ደም ከመስጠትዎ በፊት ይናገሩ። ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች ፕሬድኒሶሎንን አንዳንድ ማሽኖች ኮርቲሶል ነው ብለው ይቆጥሩታል፤ ዴክሳሜታዞን ደግሞ የራስን ኮርቲሶል ያወርዳል። ስቴሮይድ ያለባቸው የመገጣጠሚያ መርፌ፣ የአስም መንፊያና የቆዳ ቅባትም ይቆጠራሉ። ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጠው ባዮቲንም በብዙ ማሽኖች ውጤት ያዛባል፤ ሐኪም ካላዘዘው በስተቀር ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይቁም። ስቴሮይድን ግን ለምርመራ ብለው በራስዎ አያቁሙ። ሳምንታት የተወሰደ ስቴሮይድ ድንገት ሲቆም፣ የተኛው አድሬናል ቶሎ ስለማይነቃ የደም ግፊት እስከ አደገኛ ደረጃ ሊወርድ ይችላል።

የሕክምና ላብራቶሪ ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ